የኑሮ ውድነት በማን ሰውነት ይከፈላል?

(በጤና ባለሙያዎች፣ በማኅበራዊ ሠራተኞችና በከተማ ፕላን ባለሙያዎች የጋራ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ከመስተካከሉ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ነዋሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ! በዚህ መድረክ እንድናገር የጋበዙኝን አዘጋጆች ከልብ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የኑሮ ውድነትና የጤና ልዩነት በትልቅ ከተማ» የሚል ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ዋጋ ንረት መንስኤ ለመናገር አልደፍርም። የምናገረው የዋጋ ንረት ከገበያ ተነሥቶ የሕክምና ክፍሌን በር ከፍቶ እስኪገባ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ሦስት ነጥቦች አነሣለሁ። አንደኛው፣ ዋጋ ሲጨምር ሁሉም እኩል እንደማይጎዳ፤ ሁለተኛው፣ ኑሮ ሲከብድ ቤተሰብ ከምን ላይ እንደሚቀንስና የቀነሰው ነገር እንዴት ሕመም ሆኖ እንደሚመለስ፤ ሦስተኛው፣ ከተማ ራሱ ሰውን በኪራይ አቅሙ እየለየ ሲያሰፍር የሚሆነው ነው። ከዚያም ምን ማድረግ እንደምንችል ጥቂት እላለሁ። ሁለተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ በየቀኑ የማየው እርሱን ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልነሣ።

የዋጋ ንረት በየወሩ በአንድ ቁጥር ይነገረናል። ይህን ያህል በመቶ ጨመረ ይባላል፤ ቁጥሩ አማካይ ነው። ቁጥሩን አልነቅፍም፤ ለባንክም ለመንግሥትም ያስፈልጋል። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ አማካዩን ኑሮ የሚኖር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ኤርነስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1857 የቤልጅየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ አንድ ነገር አረጋገጠ፤ ቤተሰቡ ድሃ በሆነ መጠን ከገቢው ላይ ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይጨምራል። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ በየአገሩ እየተፈተሸ ጸንቶ ቆይቷል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንዱ ቤተሰብ ከገቢው 10 በመቶውን ለምግብ ያወጣል፤ ሌላው 60 በመቶውን ያወጣል እንበል። የምግብ ዋጋ በግማሽ ቢጨምርና ሁለቱም እንደ ቀድሟቸው እንብላ ቢሉ፣ የመጀመሪያው ከገቢው ተጨማሪ 5 በመቶ ያወጣል። ቅር ይለዋል፤ ያማርራል፤ ይኖራል። ሁለተኛው ተጨማሪ 30 በመቶ ማግኘት አለበት። ከየት? ገበያው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ጭማሪው አንድ ነው። ጉዳቱ ግን አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። ሀብታሙ ኑሮ ሲከብደው ከውዱ ዕቃ ወደ ርካሹ ይወርዳል። ድሃው ድሮም የሚገዛው ርካሹን ነበር፤ እርሱ ወዴት ይውረድ? አልቤርቶ ካቫሎ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ የነበረውን የዋጋ ንረት በተለያዩ አገሮች ሲያጠና፣ ከአንድ ዓይነት ሸቀጥ ውስጥ ርካሾቹ ምርቶች ከውዶቹ ይልቅ ፈጥነው መወደዳቸውን አግኝቷል። እጅ ያጠረው ሰው ደግሞ በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ፣ በጅምላ ከሚገዛው ይልቅ ለአንዱ መለኪያ ብዙ ይከፍላል። ድህነት ራሱ ወጪ አለው። ይህን ነጥብ እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ገቢው ባለበት ቆሞ ወጪው በየወሩ የሚጨምርበት ቤተሰብ ከአንድ ነገር ላይ መቀነስ አለበት። ከምን ይቀንስ? ከቤት ኪራይ? ኪራይ ቀን አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ አከራይ በር ያንኳኳል። ከትራንስፖርት? ወደ ሥራ የሚያደርሰው ከቀረ ደመወዙም ይቀራል። ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ? ከመብራት? ከውኃ? ሁሉም ጠያቂ አላቸው፤ ሁሉም ይቆርጣሉ፣ ይዘጋሉ፣ ያስወጣሉ። ታዲያ ጠያቂ የሌለው ማን ነው?

ሰውነት ነው! ሰውነት ቀን ቆርጦ አይጠይቅም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍም። በዱቤ ይሰጣል። ለወራት ይሰጣል፤ አንዳንዴም ለዓመታት ይሰጣል። የደም ግፊት ክኒኑን ያቋረጠ ሰው በማግሥቱ ምንም አይሰማውም። በሳምንቱም ምንም አይሰማውም። እንዲያውም ክኒኑ ያመጣበት የነበረው መፍዘዝ ይቀርለትና ተሻለኝ ይላል። ዕዳው የሚጠየቀው ከዓመታት በኋላ በአንድ ሌሊት ነው፤ እጅና እግርን የሚያሰንፍ ስትሮክ ሆኖ፣ ወይም ሁለት ኩላሊቶች ሲደክሙ። ኑሮ ሲወደድ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ቀድሞውኑ አልቋል፤ ልዩነቱ የሚከፈለው ከሰውነት ላይ እየተቀነሰ ነው። ዛሬ የማነሣው ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ቅነሳው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚነካው የምግብ ዓይነት ነው፤ መጠኑ ገና አይነካም። አትክልት ይቀራል፤ ፍራፍሬ ይቀራል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይቀራሉ። የሚቆየው ሆድ የሚሞላው ነው፤ ስታርች፣ ዘይት፣ ስኳር። ለአንድ የምግብ ኃይል መጠን ርካሾቹ እነርሱ ናቸውና ምርጫው የሞኝ ምርጫ አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ ልጆችን ሳይራቡ የሚያሳድር ምርጫ ነው። ውጤቱ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ በሽታዎችን ማየት ነው፤ ቁመቱ ያላደገ ሕፃንና ከመጠን በላይ ወፍራ የስኳር ሕመም የጀመራት እናት። ሁለቱም ከአንድ ማዕድ ነው የበሉት። እናትየውን አይቶ «ጠግባ ነው የወፈረችው» የሚል ሰው የዋጋ ዝርዝሩን አላየም።

ቀጥሎ የሚቀነሰው ማገዶ ነው። ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ሲወደድ ቤተሰብ ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ይመለሳል። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሕፃን አጠገብ ተኝቶ ይበሰላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። የማገዶ ዋጋ ሲነሣ የሕፃናት ሳል የሚነሣው ስለዚህ ነው። ማገዶ ለመቆጠብ ውኃ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ጥራጥሬ በደንብ ሳይበስል ይበላል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የሕክምና ካርድ ላይ «የዋጋ ንረት» ተብሎ አይጻፍም። «የሳንባ ምች» ተብሎ ይጻፋል። «ተቅማጥ» ተብሎ ይጻፋል።

ከዚያ መድኃኒት ይመጣል። እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ በሠራሁበት ሆስፒታል የፋርማሲው መስኮት ከተመላላሽ ሕክምና ክፍሌ ፊት ለፊት ነበር። በሬ ሲከፈት ወረፋው ይታየኛል፤ ድምፅም ይሰማኛል። አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማ ነበር። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማዘዣውን በመስኮቱ ያስገባሉ። ፋርማሲስቱ ደምሮ ዋጋውን ይናገራል። ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከኋላ የተሰለፈው እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው፣ «ከእነዚህ ውስጥ ዋናው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱን ለመግዛት ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ፋርማሲስቱ ምን ይመልስ? የስኳሩ ነው? የግፊቱ ነው? የልቡ ነው? እኔ ያን ማዘዣ ስጽፍ ሦስቱም ዋና ናቸው ብዬ ነው የጻፍኩት። የሕክምናው የመጨረሻ ውሳኔ ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ አልተወሰነም። በዚያ መስኮት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በኪስ ባለው ገንዘብ ተወሰነ።

አንዲት እናት ደግሞ ነበሩ። የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ መጠኑን እየጨመርኩ ሄድኩ። በቀጠሯቸው ቀን «መድኃኒቱን ይዘው ይምጡ» ብያቸው ስለነበር ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ የክብሪት ቀፎ አወጡልኝ። ውስጡ ክኒኖቹ አሉ፤ ሁሉም በምላጭ ለሁለት ተገምሰዋል። ምላጭ ክኒንን እኩል አይቆርጥምና አንዱ ግማሽ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ፣ ከሥር ደግሞ የተፈረፈረው ነጭ ዱቄት ተጠራቅሟል። «ዱቄቱንስ ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው። «መጨረሻ ላይ በውኃ በጥብጬ እጠጣዋለሁ፤ ይባክናል እንዴ?» አሉኝ። እንግዲህ እኒህን ሴት ስለ መድኃኒት ጥቅም የሚያስተምራቸው ማን ነው? ፍርፋሪውን እንኳ አልጣሉም!

ይህን ያነሣሁት ለምክንያት ነው። በየስብሰባው፣ በየሪፖርቱ «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ነገር እንጽፋለን። ሕመምተኛው መድኃኒቱን አቋረጠ፤ የግንዛቤ እጥረት። ዘግይቶ መጣ፤ የግንዛቤ እጥረት። አትክልት አይበላም፤ የግንዛቤ እጥረት። ከዚያም ግንዛቤ ለማስጨበጥ ሥልጠና እናዘጋጃለን። ወገኖቼ፣ በእውነት የጎደለው ግንዛቤ የሆነበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን የሚያውቀውን ማድረግ ያቃተውን ሰው አላዋቂ ማለት ስድብ ነው። ስድብ ብቻም አይደለም፤ ከእኛ ላይ ኃላፊነት የሚያነሣ ስድብ ነው። ጥፋቱን ከዋጋው ወደ ሰውየው ያዞረዋልና።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ከካሊፎርኒያ ነው። በ2014 የወጣ ጥናት በስኳር መውረድ ሳቢያ ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን በወሩ ሳምንታት ከፋፍሎ አየ። ስኳር የሚወርደው ሰውየው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ሳይበላ ሲቀር መሆኑን ታውቃላችሁ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች መካከል በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ወደ ሆስፒታል የገቡት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ በለጡ። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ ግን የወሩ መጨረሻና መጀመሪያ ልዩነት አልነበረውም። አስተዋላችሁ? ሆርሞን የወር ቀን አይቆጥርም፤ ኢንሱሊን ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል አያውቅም። የወር መጨረሻ በደም ውስጥ የሚታየው የምግብ ገንዘብ ስላለቀ ነው። ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ በሀብታም ግዛት ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ1974 እስከ 1982 ያካሄደው ትልቅ ሙከራ ነው። ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፈሉ፤ ለአንዱ ወገን ሕክምና በነጻ፣ ለሌላው ከወጪው የተለያየ ድርሻ እንዲከፍል ሆነ። የሚከፍለው ወገን ሕክምናን ቀነሰ። የቀነሰው ግን የማያስፈልገውን ለይቶ አልነበረም፤ የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም እኩል ነው የቀነሰው። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ይህ ብዙ ጉዳት አላመጣም። የደም ግፊት ባለባቸው ድሆች ላይ ግን ልዩነቱ ታየ፤ ነጻ ሕክምና ያገኙት ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ቁጥጥር ሥር ዋለ። «ትንሽ ክፍያ ሰውን ቁጠባ ያስተምረዋል» የሚል ሐሳብ በየጊዜው ሲመለስ እሰማለሁ። ትንሽ ክፍያ ለማን ነው ትንሽ?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት ሪፖርት ከኪስ በሚወጣ የሕክምና ክፍያ ሳቢያ በገንዘብ ችግር ላይ የሚወድቁ ሰዎች 2 ቢሊዮን ያህል እንደሆኑ ገልጸዋል። ያኔ በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያ ከቤተሰቡ ወጪ ወይም ገቢ ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ከወጣ ከባድ ወጪ ይባል ነበር። ይህ መለኪያ ግን አንድ ሰው አያይም፤ ጨርሶ ያልታከመውን። ሳይታከም ቤቱ የቀረ ሰው ወጪው ዜሮ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ምንም ያልደረሰበት ይመስላል። ስለዚህ እናንተ ቁጥር የምትሠሩ ወጣቶች፣ አደራ፤ ያልከፈለውንም ቁጠሩት።

በዚህ ነጥብ ውስጥ ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። አንደኛው፣ ቅነሳው በቤተሰብ ውስጥም እኩል አይደለም። ምግብ ሲያንስ መጨረሻ የሚበሉት እናቶች ናቸው፤ የሕክምና ገንዘብ ሲያንስም የራሳቸውን ቀጠሮ የሚሰርዙት እነርሱ ናቸው። የደም ማነስ ይዞአቸው ሲመጡ «ራስ ምታት ነው፤ ቀላል ነው» ይላሉ። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ሁለተኛ ሥራ የያዘ፣ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን ሸክም የሚሠራ ሰው ከእንቅልፉ ላይ ነው የሚቀንሰው። እንቅልፍ ማጣት የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን እንደሚያባብስ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ሐኪሙ «በቂ እንቅልፍ ይተኙ» ሲለው ምን ብሎ ይመልስ?

ጭንቀቱስ? ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማይክል ማርሞት የተባለ የሕዝብ ጤና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለዋል፤ የመጀመሪያው ጥናት በ1967 ተጀምሮ ከ17,000 በላይ ወንዶችን ያካተተ ነበር። ሁሉም ሥራ ያላቸው፣ ቢሮ የሚውሉ ናቸው። ሆኖም በእርከኑ ከላይ ወደ ታች በወረድን ቁጥር የልብ ሕመም ሞት ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። ሲጋራውን፣ ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን በሒሳብ ቢያስተካክሉት ልዩነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከዚህ የምወስደው ነገር፣ ጉዳዩ የፍጹም ድሆች ብቻ አለመሆኑን ነው። እዚህ የተቀመጥን ደመወዝተኞች ሁላችን በዚያ መሰላል ላይ ነን። ኑሮ ሲወደድ የመሰላሉ ደረጃዎች ይራራቃሉ።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ከተማ ነው።

ኪራይ ሲወደድ ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ይጠጋጋል፣ ወይ ይርቃል። የተጠጋጋው አንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ ያድራል። ነፋስ በማይገባበት ክፍል ለሳንባ ነቀርሳ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ርጥበት ያለው፣ ግድግዳው የሻገተ ቤት ደግሞ የሕፃናትን አስም ያስነሣል። ስንቱን ሕፃን አክመን ወደዚያው ግድግዳ መልሰነዋል! መድኃኒቱን ሰጥተን፣ አሳይተን፣ አስተምረን፣ ወደዚያው ግድግዳ።

የራቀው ደግሞ ወደ ከተማው ዳር ይወጣል። በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚሠራ ነርስ ነበር፤ ጠንካራ ሠራተኛ። ኪራይ ሦስት ጊዜ አፈናቅሎት በመጨረሻ ከተማው ጫፍ ላይ ቤት አገኘ። ጠዋት የሚነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ማታ የሚደርሰው ልጆቹ ተኝተው ነው። ወገቡን ያመው ጀመር፤ ምግቡ መንገድ ላይ የሚገኘው ሆነ፤ ከጊዜ በኋላ ግፊቱን ስንለካው ከፍ ብሎ አገኘነው። ሰውየው የጤና ባለሙያ ነው! ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ዕረፍት ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሲያስተምር የሚውል ሰው ነው። ራሱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ ግን መንገዱ ወሰደበት። ኪራይ በገንዘብ ርካሽ የሆነበት ቦታ በሰዓት ውድ ነው። ይህን ወጪ በየትኛው የዋጋ ንረት ሠንጠረዥ ላይ አይታችሁታል?

ሰው በኪራይ አቅሙ እየተለየ ሲሰፍር የበሽታ ካርታና የኪራይ ካርታ አንድ ይሆናሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤድዊን ቻድዊክ የተባለ የሕዝብ ጤና ተቆርቋሪ በ1842 ባወጣው ሪፖርት በእንግሊዝ በሊቨርፑል ከተማ የሞቱ ሰዎችን ዕድሜ በመደብ ለይቶ አስቀምጦ ነበር። የባለጸጎቹ አማካይ የሞት ዕድሜ 35፣ የነጋዴዎቹ 22፣ የቀን ሠራተኞቹና የቤተሰቦቻቸው 15 ነበር። አማካዩን ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው፤ ቢሆንም አንድ ከተማ ነው፣ አንድ ሰማይ ነው። ከ166 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ጤናን የሚወስኑ ማኅበራዊ ሁኔታዎችን እንዲመረምር የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ኮሚሽን ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው አካባቢ ሌላ ቁጥር አመጣ። ካልተን በተባለው ድሃ ሰፈር የሚወለድ ወንድ ልጅ የሚጠበቅ ዕድሜ 54 ሲሆን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ሌንዚ 82 ነበር። የ28 ዓመት ልዩነት! ያውም ሕክምና በነጻ በሚሰጥበት አገር። ሆስፒታል መክፈት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

ሆስፒታሉም ቢሆን በትክክለኛው ቦታ አይከፈትም። ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ በዌልስ የማዕድን ሠራተኞች መንደር የሚሠራ ሐኪም በ1971 ይህን ጉዳይ ሕግ ብሎ ጻፈው፤ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው ብዙም በማያስፈልግበት ቦታ ነው፤ በብዛት በሚያስፈልግበት ቦታ ይጠፋል። በተለይ ሕክምና ለገበያ በተተወ መጠን። የምትኖሩበትን ትልቅ ከተማ በዓይነ ልቡናችሁ ዙሩት። ልዩ ሐኪሞቹ፣ የምርመራ ማዕከሎቹ፣ ጥሩዎቹ ፋርማሲዎች የት ናቸው? ኪራይ ውድ በሆነበት ናቸው። ዳር የወጣው ሕመምተኛ እዚያ ለመድረስ የትራንስፖርትና የአንድ ቀን ደመወዝ ይከፍላል፤ ሐኪም ሳያይ ገና በመንገድ ላይ ከፍሏል ማለት ነው።

የአየር ሁኔታ ሲከፋም የሚሞተው በዚሁ ካርታ ላይ ነው። በሐምሌ 1995 ቺካጎን የመታው ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ብዙዎቹ ድሃ በሆኑ ሰፈሮች፣ በተዘጉ ክፍሎች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ብርድም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የቤቶች መመሪያ በቀዝቃዛ አገሮች ቤት ውስጥ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይወርድ ይመከራል ይላል። የማሞቂያ ሒሳብ ሲንር ግን ሰው ከዚያ በታች ሆኖ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ በዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ፤ ግን ሳልናገር አልወርድም።

ለእኛ ለሐኪሞችና ለነርሶች፦ ዋጋውን እንወቅ። የምናዘውን መድኃኒት ዋጋ ሳናውቅ ማዘዝ ሕክምናው ግማሽ ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። በኩባንያ የንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ መድኃኒት ካለ እርሱን እንጻፍ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን የሚገኝ ከሆነና ዋጋው ከቀነሰ እርሱን እንምረጥ። ሁኔታው የተረጋጋ ሕመምተኛ ለአንድ ወር ብቻ ተሰጥቶት በየወሩ ለምን ይመላለስ? የሦስት ወር እንስጠው። የደም ምርመራው፣ የዓይን ምርመራውና የሐኪሙ ቀጠሮ በአንድ ቀን ይሁን፤ ሦስት ቀን ከሥራ መቅረት ለቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን አለመብላት ነው። ማዘዣው ላይ ደግሞ ቅደም ተከተል እናስቀምጥ፤ «ገንዘብ ካነሰ ተመልሰው ይምጡና እንነጋገር» ብለን በግልጽ እንንገር። ያ የመስኮት ጥያቄ ወደ እኛ ክፍል ይመለስ፤ የእኛ ጥያቄ ነውና።

ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች፦ እናንተ ሐኪሞች ናችሁ። የአውቶቡስ መስመር ስታወጡ ቀጠሮ ትሰጣላችሁ ወይም ትሰርዛላችሁ። ድሃ ሰፈርን አፍርሳችሁ ነዋሪውን ዳር ስትወስዱ ከጤና ጣቢያው፣ ከሥራው፣ ከሚያስታምመው ጎረቤቱ እንደለያችሁት እወቁ። የኦስትሪያዋ ቪየና ከተማ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ላይ የሠራችው ሥራ በዓለም የታወቀ ነው፤ ዛሬም ከነዋሪዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በከተማው ወይም በድጎማ በተሠራ ቤት ይኖራል። ኪራይ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ በሰው ውሳኔ ይወጣል፣ በሰው ውሳኔ ይገታል።

በጀት ለሚወስኑ፦ ገንዘብ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል። ብራዚል በ2003 ቦልሳ ፋሚሊያ የተባለውን ለድሃ ቤተሰቦች ቀጥታ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ጀመረች፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሄዱና እንዲከተቡ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በ2013 የታተመ ጥናት ፕሮግራሙ በስፋት በደረሰባቸው ማዘጋጃ ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ17 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ በምግብ እጥረት የሚመጣው ሞት ደግሞ በ65 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ አዲስ መድኃኒት ቢገኝ ዓለም ሁሉ ይነጋገርበት ነበር።

«አገር ድሃ ነው፤ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስም የለኝም። ግን ዛሬም እየከፈልን ነው። አንድ በስትሮክ የወደቀ አባት፣ አልጋው፣ አስታማሚ ሆና ሥራዋን የተወች ልጁ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ የልጅ ልጁ፤ ይህ ሁሉ ተከፍሏል። የተከፈለው የግፊት ክኒኑ ባለመገዛቱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ተግባር ልስጣችሁ። ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተቀምጧል። ሁለት ጥያቄዎች ብቻ አሉበት። «ባለፈው ወር በገንዘብ ምክንያት መድኃኒት ሳይገዙ ወይም ቀንሰው ወስደው ያውቃሉ?» እና «ባለፈው ወር ምግብ አልቆ የተቸገሩበት ቀን ነበር?» የሚሉ ናቸው። የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሆይ፣ ግፊትና ክብደት ስትለኩ እነዚህንም ጠይቁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ። መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት። ማኅበራዊ ሠራተኛ ባለበት ተቋም ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ጠይቆ ዝም ማለት ያሳፍራልና። በየወሩ ስንት ሰው «አዎ» እንዳለ ደምሩና ለኃላፊዎቻችሁ ስጡ፤ በሰፈር ለይታችሁ ስጡ። ለሚቀጥለው ጉባኤ ይዛችሁ ኑ፤ ካርታውን አብረን እንሠራዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ በቅድሚያ ለነዋሪዎች ዕድል ቢሰጥ ደስ ይለኛል።